ምዕራፍ አምስት፦ ጤፍ የምታህል ውድቀት

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ ቁይ ከተማ ላይ ግንብ የሚገነባ ሰው ጠዋት ከከረጢቱ መጀመሪያ የሚያወጣው ቱንቢውን ነው። ሲባጎውን ከግድግዳው ራስ ላይ ይዞ ብረቷን ወደ ታች ይለቃታል። ብረቷ ትወዛወዛለች፤ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ያረጋጋታል። ጸጥ ስትል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሲባጎውና በድንጋዩ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ያያል። ክፍተቱ እኩል ከሆነ ግድግዳው ቀጥ ብሏል። ካልሆነ ትናንት የተደረደረው ድንጋይ ዛሬ ይፈርሳል።

ይህ ሰው ቱንቢው ምን እንደሚያሳይ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ታችን»። ልክ ነው። ይሁንና ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሠራ ግንበኛና አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ግንበኛ በአንድ ሰዓት ቱንቢያቸውን ቢጥሉ ሁለቱ ሲባጎዎች ትይዩ አይሆኑም። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር መስመር 180 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ምድር ክብ በመሆኗ የአንዱ «ታች» ከሌላው «ታች» በአንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ያዘነብላል። ሁለቱም የሚያመለክቱት ግን ወደ አንድ ስፍራ ነው፤ ከእግራቸው ሥር ከ6,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወዳለው የምድር እምብርት። ታች ማለት እንግዲህ ብዙ ቁስ ወደ ተከማቸበት ማለት ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው የዚያ ክምችት ጉልበት እስከ የት ይደርሳል የሚለውን ነው። የሳይንሱ መልስ ሁለት ቃል ነው፤ ማብቂያ የለውም። መልሱን ማንበብ ቀላል ነው። ከልብ መቀበሉ ግን ለሰው ልጅ ከባድ ሆኖ ኖሯል፤ የከበደበትም በቂ ምክንያት አለ።

ድንበር የለመደ አእምሮ

ጎጃም ውስጥ ያደገ ልጅ ነገር ሁሉ ወሰን እንዳለው ገና በእረኝነቱ ይማራል። እርሻ ድንበር አለው፤ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ተተክሏል ወይም ሣሩ ሳይታረስ ተትቷል። ድንበር የገፋ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ከገደል ማዶ ላለ ጓደኛ የሚጣሩት ድምፅ አንድ ቦታ ሲደርስ ይሟሽሻል። የሚቆላ ቡና ሽታ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ አይዘልቅም። ከምድጃው ጥቂት እርምጃ የራቀ ሰው ለደጋው ብርድ ይሰጣል። ልጆች ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ አውጥተው የሚጫወቱባት ማግኔትም ምስማሩን ከጣት ርዝመት በላይ ካራቁባት ዝም ትላለች።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ጉልበት የሚደርስበት ድረስ ይደርሳል፣ ከዚያ ያበቃል። ስለዚህ ሰው ስለ ስበት ሲያስብ ሳያውቀው የወሰን ድንጋይ ይተክልለታል። ብዙ ጊዜ የሚተክለው አየሩ የሚያልቅበት ላይ ነው። «ከዚያ በላይ ጠፈር ነው፤ ስበት የለም» ይላል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎችም እንዲህ ሲሉ ይሰማል፤ ሊያሳፍራቸውም አይገባም። ስበት በእጅ ከሚዳሰሱት ነገሮች ከአንዱም ጋር አይመሳሰልምና።

ሌላው ችግር ተለይቶን አለማወቁ ነው። ብርሃን ይጠፋል፣ ድምፅ ዝም ይላል፣ ብርድ ያልፋል፤ ሲሄዱም መኖራቸው ይታወቃል። ስበት ከተወለድንበት ደቂቃ ጀምሮ ለአንድ ሰከንድ እንኳ አልተወንም። በጆሯችን ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል ታች ወዴት እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ጨረቃም፣ ፀሐይም፣ ማዶ ያለው ተራራም እየሳቡን መሆናቸውን አይነግረንም።

የሊጥ ሒሳብ

በምዕራፍ ሦስት የኩራዝ ብርሃን ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚሳሳ አይተናል። ስበት የሚሳሳውም በዚያው ደንብ ነው። ደንቡ ምጣድ ላይ ደግሞ በዓይን ይታያል።

አንዲት እናት በአንድ ጣሳ ሊጥ፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ምጣድ ላይ አንድ እንጀራ ጋገሩ እንበል። ያንኑ አንድ ጣሳ ሊጥ ወርዱ እጥፍ በሆነ ምጣድ ላይ ቢያዳርሱት የእንጀራው ውፍረት በግማሽ ብቻ አይቀንስም። ምጣዱ በወርድም በቁመትም ስለሰፋ ሊጡ የሚሸፍነው ቦታ አራት እጥፍ ሆኗል፤ ውፍረቱም ሩብ ይሆናል። ሦስት እጥፍ በሰፋ ምጣድ ላይ አንድ ዘጠነኛ፣ አሥር እጥፍ በሰፋ ምጣድ ላይ አንድ መቶኛ። ሊጡ ግን የትም አልጠፋም፤ ተዳረሰ እንጂ። ምሳሌው የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ሊጥ በመጨረሻ ዓይን በዓይን ሆኖ ይቀዳደዳል፣ ስበት ግን የቱንም ያህል ቢሳሳ አይቀደድም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። የምድር ስበት ምጣድ የሚለካው ከመሬቱ ገጽ ሳይሆን ከእምብርቱ ተነሥቶ ነው። ቁይ ላይ የቆመ ሰው ከእምብርቱ አንድ ሙሉ ራዲየስ፣ ማለትም ከመካከል እስከ ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ አስቀድሞ ርቋል። ከዓባይ ሸለቆ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን የወጣ መንገደኛ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጮቄ ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የወጣ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል። ለስበት ግን ያ ሁሉ ዳገት ከምንም አይቆጠርም። ጮቄ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከምድር እምብርት ያለው ርቀት የጨመረው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሰው እግር ትልቅ የሚለው ርቀት ስበት ትልቅ የሚለው ርቀት አይደለም። አለመግባባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ይህ 60 የምድር ራዲየስ ያህል ነው። ምጣዳችን እዚያ ድረስ ቢሰፋ ወርዱ 36 ሜትር ይሆናል፤ ያቺ አንድ ጣሳ ሊጥ 3,600 ጊዜ ትሳሳለች።

«ወደቀ» የሚለው ቃል

ከእጅ የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወድቃል። የምድር ስበት ጨረቃ ጋ ሲደርስ በእርግጥ 3,600 ጊዜ ከሳሳ፣ ጨረቃም በአንድ ሰከንድ የዚያን 3,600ኛ መውደቅ አለባት፤ ይህም 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎጃሜ ይህን ልክ ያለ ማስመሪያ ያውቀዋል። የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1665 ወረርሽኝ የካምብሪጅን ዩኒቨርሲቲ ባስዘጋ ጊዜ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው ወጣቱ አይዛክ ኒውተን ያነጻጸረው ይህንኑ ነው፤ እጅ ላይ ያለ ነገር አወዳደቅና የጨረቃ አወዳደቅ። ሐሳቡ በስሎ በመጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1687 ነበር። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት የሰማይ ሕግ ሌላ፣ የምድር ሕግ ሌላ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ጨረቃ በየሰከንዱ ጤፍ የምታህል መውደቋ ያንን አጥር አፈረሰው።

«ታዲያ ጨረቃ ከወደቀች ለምን አትደርስም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አማርኛችንም ጥያቄውን ያከብደዋል። በእኛ ቋንቋ «ወደቀ» ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ዕቃው ወደቀ ሲባል መሬት ላይ ነው፤ ፈተና የወደቀም፣ ጦር ሜዳ የወደቀም ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል። በሳይንሱ ቋንቋ ግን መውደቅ ማለት ወደሚስበን ነገር እየታጠፉ መሄድ ነው፤ መድረስ ግዴታው አይደለም። ጨረቃ በዚያችው አንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ትጓዛለች። አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን፣ አንዲት ጤፍ ወደ ምድር፤ እንደገና አንድ ኪሎ ሜትር፣ እንደገና አንዲት ጤፍ። በ27 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይህ ጥቃቅን መታጠፍ ተደማምሮ አንድ ሙሉ ክብ ይሆናል።

ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ይህን በወንጭፉ ያየዋል። በዝግታ የወነጨፈው ድንጋይ ከማማው ሥር ይወድቃል፤ አጥብቆ የወነጨፈው ማሳውን አቋርጦ ይወድቃል። ሁለቱም ከእጁ እንደወጡ መውደቅ ጀምረዋል፤ ልዩነታቸው ወደ ጎን የተጓዙት ነው። አሁን አየር የማያግደው፣ በሰከንድ 7.9 ኪሎ ሜትር የሚወነጭፍ ክንድ ይታሰብ። ድንጋዩ በሰከንዱ 4.9 ሜትር ይወድቃል፤ ምድርም ክብ ስለሆነች በ7.9 ኪሎ ሜትር ውስጥ ገጽዋ ልክ 4.9 ሜትር ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ድንጋዩ ይወድቃል፣ መሬቱ ይሸሻል። ምሕዋር የሚባለው ይህ ነው።

እየወደቀች የምትኖር ሳተላይት

ኢትዮጵያ ይህን አድርጋዋለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ተወንጭፋ ከ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ምሕዋሯን ያዘች። እንጦጦ ላይ ሆነው ይከታተሉ የነበሩት ሰዎች በደስታ ሲያጨበጭቡ «ከመሬት ስበት ወጣች» ያለ ሰው አይጠፋም። አልወጣችም። እዚያ ከፍታ ላይ የምድር ስበት እዚህ ካለው 83 በመቶ ያህሉ አለ። ሳተላይቷን ምድርን እንድትዞር ያደረጋትም ያ ስበት ነው፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ቀጥ ብላ ሄዳ አትመለስም ነበር።

ጠፈርተኞች የሚኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ይህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስን አልፎ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ከሚኬደው መንገድ እምብዛም አይበልጥም። በመኪና የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ወደ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። እዚያ ያለው ስበት 89 በመቶ ነው፤ ጠፈርተኞቹ ግን በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ለምን?

በጭነት አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ የሄደ ሰው መልሱን በሆዱ ያውቀዋል። መኪናው ጉብታ ዘልሎ ቁልቁል ሲወርድ ለቅጽበት ሆድ ባዶ ይሆናል፣ መቀመጫ ከእንጨቱ ይለቃል። በዚያች ቅጽበት ስበት አልጠፋም፤ ተሳፋሪውና መኪናው አብረው ስለወደቁ አንዱ ሌላውን መጫን ተወ። በምዕራፍ ሁለት በገበያ ሚዛን እንዳየነው ክብደት ሆኖ የሚሰማን የሚደግፈን ወለል መልሶ ሲገፋን ነው። ጠፈርተኛው፣ ወለሉ፣ የውኃ ጠርሙሱ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። የእነሱ ቅጽበት ለወራት የሚዘልቅ መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ጥቂት ናት፣ ግን ትደመራለች

ስበት እንዲህ ሩቅ የሚሄድ ከሆነ አጠገባችን ያለው ሰው ለምን አይስበንም? ይስበናል። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች አንድ ሜትር ተራርቀው ቡና ሲጠጡ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ነገር ግን የመሳሳባቸው ጉልበት ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጋ የጤፍ ፍሬ እንደሚገባ ያስታወሰ አንባቢ ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ ይገምታል። ስበት ደካማ ጉልበት ነው። ያቺ የሬዲዮ ማግኔት ምስማሩን ስታነሣ ሙሉዋን ምድር አሸንፋ ነው።

ታዲያ ሩቅ ቦታ ላይ ማግኔት ተረስቶ ስበት የሚነግሠው ማግኔት ሁለት ጫፍ ስላለው ነው። አንዱ ጫፍ ሲስብ ሌላው ይገፋል፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስበት የሚገፋ ጫፍ የለውም። እያንዳንዱ ቅንጣት በጎረቤቱ ላይ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። መከለያም የለውም። የኩራዝን ብርሃን በመዳፍ መጋረድ ይቻላል፤ ስበትን የሚጋርድ ግድግዳ እስካሁን አልተገኘም። እኩለ ሌሊት ላይ ፀሐይ ከእግራችን በታች ሆና መላዋን ምድር ዘልቃ ትስበናለች።

ወደ ግንበኛው ቱንቢ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1774 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኔቪል ማስክሊን ሺሃሊየን ወደተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጣ። ተራራው 1,083 ሜትር ብቻ ነው፤ ከቁይ ሰፈሮች እንኳ እጅግ ዝቅ ይላል። በደቡብና በሰሜን ጎኑ ላይ ቱንቢ እየጣለ ከከዋክብት ጋር አነጻጸረ። ቱንቢው በሁለቱም ወገን ወደ ተራራው አዘንብሎ ተገኘ። ማዘንበሉ በአንድ ወገን ሲሰላ፣ ሁለት ሜትር ሲባጎ ጫፍ ላይ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ጮቄም እንዲሁ በዙሪያው ያለውን ቱንቢ ሁሉ ወደራሱ ይጎትታል። የቁይ ግንበኛ ይህን አያየውም፤ የሲባጎው ውፍረት ራሱ ከማዘንበሉ ይበልጣልና። ግድግዳው ግን ጮቄ የሌለበት አገር ላይ ቢቆም ኖሮ የሚይዘውን መስመር በትክክል አይዝም።

ደገኛ የስበትን ርቀት እንዳያይ ያደረገው ሌላም ነገር አለ፤ ባሕር የለውም። በባሕር ዳርቻ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ውኃው በቀን ሁለቴ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚያይ የጨረቃን ጉልበት ከልጅነቱ ያውቀዋል። ደገኛው ግን ያልተነካ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ጨረቃና ፀሐይ የሚስቡት ውኃውን ብቻ አይደለም፤ ጠጣሩ መሬት ራሱ ይለጠጣል። በኢትዮጵያ ኬክሮስ አካባቢ መሬቱ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። አንድ ስንዝር ከግማሽ ገደማ ማለት ነው። ገበሬው፣ በሬው፣ ማሳው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጮቄ ራሱ አብረው ይነሣሉ፤ አብረውም ይወርዳሉ። የሚያነጻጽሩበት የቆመ ነገር ስለሌለ ማንም አይሰማውም።

ከማይታይ ፕላኔት እስከ ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት

የስበት መድረስ ከዚህ ሁሉ በላይ የተረጋገጠው በወረቀት ላይ ነው። ዩራነስ የተባለችው ፕላኔት ከተሰላላት መንገድ ጥቂት ትስት ነበር። ፈረንሳዊው ኧርባን ለ ቬሪዬ ከእሷ ማዶ ያልታየ ነገር እየጎተታት ነው ብሎ ቦታውን በሒሳብ ወሰነ፤ ደብዳቤም ወደ በርሊን ላከ። የበርሊኑ የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐን ጋለ ደብዳቤው በደረሰው ምሽት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1846፣ ቴሌስኮፑን አዙሮ ኔፕቱንን ከተባለችበት ቦታ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ አገኛት። ከፀሐይ 4.5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ፕላኔት ዓይን ሳያያት ስበቷ ቀድሞ ተናገረባት።

ከዚያም ወዲያ አለ። በኅዳር ወር ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት ገደማ፣ መብራት በሌለበት የጎጃም ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ደብዛዛ፣ ጭስ የመሰለች ነጥብ ሊያይ ይችላል። ስሟ አንድሮሜዳ ነው፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ። ነጥቧ ከእኛ ረጨት (ጋላክሲ) የምትበልጥ የከዋክብት ከተማ ናት፤ ብርሃኗ እዚህ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ባዶነት መካከል ሁለቱ ረጨቶች ይሳሳባሉ፤ በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል እየተቃረቡ ነው።

ማብቂያ የለውም ማለት ግን በቅጽበት ይደርሳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ሁለት እጅግ የታመቁ ኮከቦች ሲላተሙ የተነሡት የስበት ሞገድና የብርሃን ብልጭታ 130 ሚሊዮን ዓመት ተጉዘው ምድር ደረሱ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 1.7 ሰከንድ ብቻ ነበር። ስበት በብርሃን ፍጥነት ይሄዳል። ፀሐይ በድንገት ብትጠፋ ምድር ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያህል ምንም እንዳልሆነ መዞሯን ትቀጥላለች።

ዝናብ የጠጣ ምድር

ይህ ሁሉ ሩቅ ከመሰለ አንድ ቅርብ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 አሜሪካና ጀርመን ግሬስ የተባሉ ሁለት መንታ ሳተላይቶችን አመጠቁ። 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው፣ አንዷ ሌላዋን እየተከተለች፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞሩ ነበር። መሬቱን የሚያይ ካሜራ አላስፈለጋቸውም። የሚለኩት በመካከላቸው ያለውን ርቀት ነበር፤ ያውም እስከ ፀጉር ውፍረት ክፍልፋይ ድረስ።

ዘዴው ይህ ነው። ፊተኛዋ ቁስ ወደ በዛበት ስፍራ ስትቀርብ ትንሽ ይበልጥ ትሳባለችና ከኋለኛዋ ትርቃለች። ስፍራውን ስታልፍ ወደ ኋላ ትጎተታለች፤ ኋለኛዋ በበኩሏ እየተሳበች ትደርስባታለች። በዚህ መራራቅና መቃረብ ብቻ ከበታቻቸው ያለው መሬት መክበዱን ወይም መቅለሉን ያውቃሉ። መሬት ደግሞ በወራት ውስጥ የሚከብደው በዋናነት በውኃ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ሲጠራቀም 100,000 ቶን ይሆናል፤ የዓባይ ተፋሰስ ደግሞ ብዙ አሥር ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። መንትዮቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2017፣ ተተኪዎቻቸው ደግሞ ከ2018 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት በመጣ ቁጥር ሲከብድ፣ በጋ ሲገባ ሲቀል መዝግበዋል።

በአንዱ መስከረም፣ ከጮቄ የሚወርዱ ወንዞች ሞልተው፣ ጥቁሩ መሬት ውኃ ጠጥቶ እንዳበጠ፣ ፊተኛዋ ሳተላይት ወደ ጎጃም ሰማይ ስትቀርብ ለዓይን የማይታይ ያህል ፈጠነች፤ ኋለኛዋም ተከትላ ፈጠነች። ከሥራቸው 500 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ቁይ አጠገብ ባለ ማሳ ውስጥ፣ ገበሬው ጭቃውን ከእግሩ እያራገፈ ጤፉን ያርም ነበር።